ፀሐይ በየትኛው ወገን ናት? የበረዶ ተራራ መውጫ መንገድን በፊዚክስ ዐይን ስለመምረጥ

ከአርባ ምንጭ ተነሥተን፣ ጫሞ ሐይቅን አልፈን፣ ሳንዞር ሳንታጠፍ በቀጥታ ወደ ደቡብ 685 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ በምድር ወገብ አጠገብ የበረዶ ግግር የተሸከመ ተራራ ሥር እንደርሳለን። ይህም የኬንያ ተራራ ነው። ኬንትሮሱ ከአርባ ምንጭ ኬንትሮስ ጋር ሊገጥም ጥቂት ብቻ የቀረው በመሆኑ፣ ለእኛም ለተራራውም እኩለ ቀን የሚሆነው በአንድ ሰዓት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ባትያን የተባለው ከፍተኛ ጫፉ 5,199 ሜትር፣ ጎረቤቱ ኔልዮን 5,188 ሜትር፣ ብዙ መንገደኞች የሚደርሱበት ሌናና ደግሞ 4,985 ሜትር ከፍታ አላቸው። አፍሪካ ውስጥ ከዚህ የሚበልጠው 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው ኪሊማንጃሮ ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ሲታይ የስፖርተኞች ብቻ ይመስላል። ዝናቡ እንዳቆመ፣ በደረቁ ወቅት መጀመሪያ ላይ ወደዚህ ተራራ የሚሄድ ሰው በየትኛው ገጽ ይውጣ? በሰሜኑ ወይስ በደቡቡ? የመልሱ አብዛኛው ክፍል ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው ትሪጎኖሜትሪና የሙቀት ፊዚክስ ውስጥ ይገኛል። መልሱን አለማወቅ ደግሞ ከድካም አልፎ ሕይወትን ያስከፍላል።

ጉጌ ላይ ለምን በረዶ አይቀመጥም?

በምዕራብ ዓባያ የሙዝ እርሻዎች መካከል ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የጋሞ ደጋን እንደ ግድግዳ ተገትሮ ያየዋል። የሐይቁ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የደጋው ከፍተኛ ጫፍ ጉጌ 4,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህን ያህል ከፍታ ይዞ ጉጌ ለምን የበረዶ ግግር የለውም?

አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ይቀንሳል። የአርባ ምንጭን ከፍታ 1,285 ሜትር፣ የዓመቱን አማካይ ሙቀት ደግሞ 24 ዲግሪ ገደማ አድርገን ብንወስድ፣ በጉጌ አናት ላይ 5 ዲግሪ ያህል እናገኛለን። ስሌቱ ዜሮ ላይ የሚደርሰው 5,000 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ በጉጌ ላይ በሌሊት ውርጭ ሊወርድ፣ አንዳንዴም በረዶ ሊጥል ይችላል፤ ነገር ግን የወደቀው በረዶ ከዓመት ዓመት ተደራርቦ ወደ ግግርነት ለመለወጥ ፋታ አያገኝም። የኬንያ ተራራ ጫፎች ግን ከዚያ መስመር ጥቂት ከፍ ይላሉ። ይህች ጥቂት ልዩነት ናት ግግሩን ያቆየችው።

አገራችንም በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበራት። በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ ዙሪያ ግግሩ እጅግ ሰፍቶ የነበረው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ እንደ ነበር ተመራማሪዎች ከተዋቸው ድንጋዮች አንብበዋል። ዛሬ ግን ለአርባ ምንጭ ተማሪ ቅርብ ከሚባሉት ግግሮች መካከል የሚጠቀሱት በኬንያ ተራራ ላይ ያሉት ናቸው።

በአንድ ተራራ ላይ ሁለት ወቅት

በአውሮፓ አልፕስ ተራሮች ላይ የሰሜን ገጽ ሁልጊዜ ጥላማና በረዷማ ነው፤ የደቡብ ገጽ ሁልጊዜ ፀሐያማ ነው። ይህ ሕግ በምድር ወገብ ላይ አይሠራም። ፀሐይ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በሰሜኑ የሰማይ ክፍል፣ ቀሪውን ግማሽ ዓመት ደግሞ በደቡቡ ክፍል ትመላለሳለች። በመሆኑም በኬንያ ተራራ ላይ ሰሜኑ ሲሞቅ ደቡቡ ይበርዳል፤ ደቡቡ ሲሞቅ ሰሜኑ ይበርዳል።

ይህንን ለማረጋገጥ ኬንያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አርባ ምንጭ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ቀጥ ያለ እንጨት በግቢያችን ብንተክል፣ ሰኔ 14 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው ወደ ደቡብ 31 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ታኅሣሥ 12 ቀን በዚያው ሰዓት ደግሞ ጥላው ዞሮ ወደ ሰሜን 56 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በመጋቢት 27 እና በጳጉሜን 2 አካባቢ ፀሐይ ከአናታችን በላይ ስለምትቆም እንጨቱ በእኩለ ቀን ጥላ አልባ ይሆናል። ወደ ሰሜን የሚከፈት መስኮት ያለው ሰው በሰኔ የፀሐይ ጨረር ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ በታኅሣሥ ግን ጨርሶ ሲቀርበት ያስተውላል። የመስኮቱ ጉዳይና የተራራው ገጽ ጉዳይ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ አስፈላጊ ነጥብ ይከተላል። በምድር ወገብ አካባቢ የዝናብ ቀበቶ በጥቂት ሳምንታት መዘግየት ፀሐይን ተከትሎ ይጓዛል። ስለዚህ የኬንያ ተራራ ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት፤ አንደኛው ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ሰኔ መግቢያ ግድም፣ ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የጋሞ አርሶ አደርም በበልግና ከመስከረም በኋላ በሚመጣው ዝናብ ስለሚጠቀም ይህ አቆጣጠር ለእርሱ እንግዳ አይደለም። ደረቁ ወቅት የሚጀምረው እንግዲህ ፀሐይ ከምድር ወገብ እጅግ በምትርቅበት ጊዜ፣ ማለትም በታኅሣሥ መጨረሻና በሰኔ መጨረሻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዝናቡ ያመጣው አዲስ በረዶ በሁሉም ገጽ ላይ ተኝቶ ሳለ የፀሐይ አድልዎ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። የገጽ ምርጫ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ወሳኝ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

አድልዎው በቁጥር ሲታይ

ጊዜው የታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሰዓቱም እኩለ ቀን ነው እንበል። በምድር ወገብ ላይ ፀሐይ ከደቡቡ አድማስ 66.6 ዲግሪ ከፍ ብላ ትታያለች። 60 ዲግሪ የሚያዘነብሉ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ሌላው ወደ ሰሜን የዞሩ ሁለት ገደሎችን እንውሰድ። አንድ ገጽ የሚቀበለው ኃይል፣ የፀሐይ ጨረር ለገጹ ቀጤ ነክ ከሆነው መስመር ጋር በሚሠራው ማዕዘን ኮሳይን ይወሰናል። ለደቡቡ ገጽ ማዕዘኑ 36.6 ዲግሪ፣ ኮሳይኑም 0.80 ነው። ለሰሜኑ ገጽ ማዕዘኑ 83.4 ዲግሪ፣ ኮሳይኑም 0.115 ብቻ ነው። ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ነው። ገደሉ ቀጥ ያለ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ሰሜኑ ቀኑን ሙሉ ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም።

በዚያ ከፍታ ላይ በጠራ ቀን ፀሐይ በቀጥታ ስትመታ በካሬ ሜትር 1,100 ዋት ያህል ትሰጣለች ብለን ስሌቱን እንቀጥል። አዲስ በረዶ የሚያርፍበትን ብርሃን 85 በመቶ ያህል መልሶ ስለሚያንጸባርቅ የሚያስቀረው 15 በመቶውን ነው። በደቡቡ ገጽ ላይ የሚቀረው ኃይል 132 ዋት፣ በሰሜኑ 19 ዋት ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶን ለማቅለጥ 334 ሺህ ጁል ስውር ሙቀት ይጠይቃል። እንግዲህ በደቡቡ ገጽ በሰዓት ከካሬ ሜትር 1.4 ኪሎ ግራም፣ በሰሜኑ 0.2 ኪሎ ግራም ይቀልጣል ማለት ነው። ዝናቡ ሲያበቃ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ልል በረዶ ቀርቷል ብንል ክብደቱ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በደቡቡ ገጽ 14 የጠራ የፀሐይ ሰዓታት፣ ማለትም ጥቂት ቀናት ይበቁታል። በሰሜኑ ገጽ ግን 100 ሰዓታት ገደማ ያስፈልገዋል።

ስሌቱ ሻካራ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የእኩለ ቀንን ጨረር ብቻ ወስደናል፤ በረዶው ወደ ሰማይ የሚለቀውን ሙቀትም ትተናል። ደረቅ አየር ባለበት ከፍታ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል፤ ይህም ከማቅለጥ ስምንት እጥፍ ተኩል ያህል ኃይል ይፈጃል። እነዚህ ሁሉ ቢጨመሩ ጥላማውን ገጽ ይበልጥ ያዘገዩታል እንጂ አያፈጥኑትም። በፀሐያማው ገጽ ላይ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። ጥቂት ጥቁር ዐለት ብቅ እንዳለ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን ስለሚውጥ ዙሪያውን ያሞቃል፤ መጽዳቱም እየፈጠነ ይሄዳል።

ታሪክ እንደ ቤተ ሙከራ

የተራራው ታሪክ ይህን ስሌት በሚያስገርም ሁኔታ ይደግፈዋል። ባትያን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1899 ነው፤ የወጡትም እንግሊዛዊው ሃልፎርድ ማኪንደርና ሁለቱ መሪዎቹ ሴዛር ኦሊዬና ጆሴፍ ብሮሸሬል ናቸው። መንገዳቸው በደቡቡ ወገን ነበር፤ ወሩ ደግሞ ደቡቡ ለወራት ከጥላ ያልወጣበት ነው። ከጫፉ በታች ያገኙት ግግር እጅግ ጠንካራ ስለ ነበር ማኪንደር «የአልማዝ ግግር» ብሎ ሰየመው። ቀጣዩ ወጪ የተገኘው ከ29 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1929 ነው። ኤሪክ ሺፕተንና ዊን ሃሪስ በዚሁ በደቡብ ምሥራቁ ገጽ በዐለት ላይ ወጥተው ኔልዮንን ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ። ወሩ ጥር ነው፤ ፀሐይም በደቡብ ነበረች።

በጥር ወር በተቃራኒው ገጽ የሄዱትስ? እዚህ ላይ ታሪኩ ከአገራችን ጋር ይገናኛል። ፌሊቼ ቤኑዚ በጣሊያን ወረራ ዘመን በኢትዮጵያ የቅኝ አስተዳደር ሠራተኛ ሆኖ ያገለገለ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የጣሊያን አገዛዝ ሲፈርስ በእንግሊዞች ተማርኮ ወደ ኬንያ የተወሰደ ሰው ነው። በተራራው ሥር በናንዩኪ ካምፕ ታስሮ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ከጆቫኒ ባሌቶና ከኤንዞ ባርሶቲ ጋር ተራራውን ለመውጣት ሲል ከካምፑ አመለጠ። ካርታ አልነበራቸውም፤ ከተራራው ምስሎች አንዱን ያገኙት ከታሸገ ሥጋ ቆርቆሮ ላይ ነው። ቤኑዚና ባሌቶ ባትያንን በሰሜን ምዕራቡ ወገን ሞከሩ። በዐለቱ ላይ የተጋገረው በረዶና የመጣባቸው ማዕበል መለሷቸው። ከዚያም ወደ ሌናና ወጥተው ባንዲራቸውን ተከሉ፤ ተመልሰውም በገዛ ፈቃዳቸው ወደ እስር ቤቱ ገቡ።

ረኀቡ፣ በእጅ የተሠሩት መሣሪያዎችና የካርታው ዕጦት ለመመለሳቸው ድርሻ እንደ ነበራቸው አይካድም። ሆኖም በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ የሰሜኑ ወገን ከወራት ጥላው ገና አልወጣም ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1944 አርተር ፈርሚንና ጓደኛው ሂክስ በሰሜኑ ገጽ ባትያን ደረሱ። መንገዳቸውም ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ዋና መንገድ ሆኖ ቀርቷል። በሐምሌ ፀሐይ በሰሜን ናት።

ከዚህ የምናገኘው ደንብ አጭር ነው። በዐለት ላይ መውጣት የሚፈልግ በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ደቡቡን፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሰሜኑን ይምረጥ። በግግር ላይ መውጣት የሚፈልግ ግን ደንቡን ይገልብጥ፤ እርሱ የሚሻው ጥላና ቅዝቃዜ ነውና። በደቡቡ ወገን የሚገኘው «የአልማዝ ሸለቆ» የተሰኘ ቀጥ ያለ የበረዶ መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በፊል ስናይደርና በኬንያዊው ቱምቢ ማቴንጌ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው፣ የታወቀው ደቡቡ በጥላ በሚሆንባቸው ወራት በሚወጡበት ሰዎች ነው።

ወደ ሥሩ የሚያደርሰው መንገድ

ገጹን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። ወደ ዋናዎቹ ጫፎች ሥር የሚያደርሱ ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ፤ ናሮ ሞሩ ከምዕራብ፣ ሲሪሞን ከሰሜን ምዕራብ፣ ቾጎሪያ ከምሥራቅ። ናሮ ሞሩ አጭሩ ነው፤ ነገር ግን «ቀጥ ያለው ረግረግ» የሚሉትን ተዳፋት ያቋርጣል። ይህ ሥፍራ ዝናብ ባቆመ ሰሞን ጉልበት ጨራሽ ጭቃ ነው። ቾጎሪያ በውበቱ የታወቀ ቢሆንም ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣውን እርጥብ ነፋስ በሚቀበለው በምሥራቁ በኩል ያልፋል። ሲሪሞን የሚገኘው ዝናብ በሚያንስበት ወገን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ አወጣጡም ቀስ በቀስ ነው።

«ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ከጭቃው ይበልጣል። በ5,000 ሜትር አካባቢ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በግማሽ ገደማ ስለሚያንስ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም በግማሽ ያንሳል። ሰውነት ይህን ሊለምድ ይችላል፤ ነገር ግን ቀናት ይፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ የተለመደ የሕክምና ምክር ነው። አጭር መንገድ የሚስበው ጊዜ ስለሚቆጥብ ነው፤ የሚያስከፍለው ደግሞ በሳንባና በአንጎል ውስጥ ውሃ በመቋጠር ነው። የራስ ምታቱ ከጠና፣ ደረቅ ሳል ከመጣ፣ አረማመድ ከተንገዳገደ ወዲያውኑ መውረድ እንጂ ነገን መጠበቅ አይገባም። ጨንቻ ላይ ያደገ ተማሪ ከአርባ ምንጩ ጓደኛው ይልቅ ጥቂት ዕድል ሊኖረው ይችላል፤ ከዚህ ምክር ግን ነጻ አይደለም።

ሰዓቱ

በምድር ወገብ ላይ በበጋና በክረምት መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ይልቅ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ይበልጣል። ሌሊት ሁሉም ነገር ይጋገራል፤ ከረፋዱ ጀምሮ ይፈታል። ድንጋይን ከድንጋይ ጋር አጣብቆ የያዘው በረዶ ሲፈታ ናዳ ይጀምራል። በግግር ላይ ያሉ ስንጥቆችን የሸፈነው አዲስ በረዶም ጠዋት እንደ ድልድይ ሰው ይሸከማል፤ ከሰዓት በኋላ ይከዳል። በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ይህ ድልድይ ገና ያልጠነከረና ስንጥቁን ከዐይን የሚሰውር ስለሆነ እጥፍ አደገኛ ነው። ስለዚህ በገመድ ተያይዞ፣ ሌሊት ተነሥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን መውረድ ልማድ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስ ትእዛዝ ነው።

ከዚህም ጋር፣ ቀኑ ሲሞቅ አየር በተዳፋቱ ላይ ወደ ላይ ይነፍሳል፤ ከፍ ሲልም ደመና ይሠራል። ጠዋት ጥርት ብሎ የታየ የደጋ አናት ከቀትር በኋላ ደመና ሲለብስ ከዓባያ ዳርቻ ሆኖ ማየት ይቻላል። በኬንያ ተራራም ጠዋት ስለሚጠራ የምሥራቁ ገጽ ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ የምዕራቡ ተራ ሲደርስ ግን ደመናው መጥቷል። ከግግሮቹ አብዛኞቹ በደቡብና በምዕራብ ወገን የሚገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሚያልፍ ዕውቀት

ከላይ ያልነው ሁሉ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። በማኪንደር ዘመን በተራራው ላይ 18 ግግሮች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የቀሩት 10 ነበሩ። ትልቁ የሌዊስ ግግር ከ1934 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከይዘቱ 90 በመቶውን አጥቷል፤ ከዚያም ለሁለት ተከፈለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ የኬንያ ተራራ ግግሮች እስከ 2050 ሊጠፉ እንደሚችሉ አስታውቋል። ወደ ኔልዮን የሚሄዱ ሰዎች ሲያቋርጡት የኖሩት በረዶ በብዙ ቦታ ልቅ ድንጋይ ሆኗል። የአልማዝ ሸለቆም የታችኛው ክፍል እንደ ቀድሞው አይጋገርም።

የፀሐይ ማዕዘን በሺህ ዓመታት ውስጥ እንኳ ብዙም አይለወጥም፤ ገጹን ስለመምረጥ የሰጠነው ደንብ ይቆያል። ስለ በረዶው የተጻፈው ግን በጥቂት ዓመታት ያረጃል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በታተመ መጽሐፍ «እዚህ ላይ ግግሩን ተሻገሩ» ተብሎ የተመለከተውን ዛሬ አምኖ የሚሄድ ሰው መሬት ላይ በሌለ መንገድ እየተጓዘ ነው። በዚያ ሰሞን ወጥተው የተመለሱ አስጎብኚዎችን መጠየቅ ከማንኛውም መጽሐፍ ይቀድማል።

ለእኛስ?

ከአንባብያን መካከል ኬንያ ድረስ ሄደው ባትያንን የሚወጡ ጥቂቶች ይሆናሉ። ጉጌን፣ ሳነቴን ወይም ራስ ዳሸንን ለማየት የሚነሡ ግን ብዙዎች ናቸው፤ አመራረጡም አይለወጥም። በመጀመሪያ ወሩን እንወቅ፤ ከወሩም ፀሐይ ያለችበትን ወገን፣ ከፀሐይም የደረቀውን ተዳፋት እንወስን። ቀጥሎ የመኝታ ከፍታችንን በልክ እንከፋፍል። ከዚያም የመነሻ ሰዓታችንን ብቻ ሳይሆን የመመለሻ ሰዓታችንን ከቤት ሳንወጣ እንቁረጥ፤ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀርም ሰዓቱ ከደረሰ ዞር እንበል። ጉጌ ላይ የበረዶ ስንጥቅ የለም፤ የከሰዓት መብረቅ፣ ጉም፣ እርጥብ ልብስ ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ ግን አለ። እነዚህም ይገድላሉ።

የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ደግሞ ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። አንድ ሜትር እንጨት በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ትከሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ በ6 ሰዓት ተኩል፣ የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ መዝግቡ። ዓመቱ ሲሞላ በእጃችሁ የሚኖረው ሠንጠረዥ የአርባ ምንጭን ኬክሮስ ይነግራችኋል። በየትኛው ወር የትኛው የተራራ ገጽ ቀድሞ እንደሚደርቅም ከዚያው ሠንጠረዥ ታነብባላችሁ።